ቅጽ ቁጥር ሰባት

ከሆቴሉ አጥር ሥር፣ ሐይቁ ከሚያልቅበት፣
ሁለት ድንጋይ አለ፣ «ቢሯችን» የሚሉት።
ቅጹ ከሩቅ መጥቷል፤ ብዙ ገጽ፣ ሠንጠረዥ፤
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ሉባባ ገንዘብ ያዥ።
ደንገል ትልጣለች፣ እግሯን ውሃ ነክራ፤
እኔ እጠይቃለሁ፣ ከተራ ወደ ተራ።

«የማኅበሩ ስም?»
«የደንገል ልጆች» አለች።
«የተቋቋመበት ቀን?»
ቢላዋዋን አቆመች።
«ጀሚላን ምጥ ይዟት፣ መኪና ያጣን ለት፣
በታንኳ ጭነናት፣ ስንቀዝፍ ሌሊት።
ሲነጋ አዋጣን፣ ከየደጁ አሥር ብር፤
ዓመተ ምሕረቱን አንተው ራስህ ቁጠር።»
«ጀሚላስ?» አልኳት።
ልጣጩን ወደ ውሃው ጣለች።
«ልጇ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች።»

«አድራሻ፤ ቀበሌ፤ የቤት ቁጥር?»
«ቁጥር የለን፣ ካርታ የለን፤ ሦስቴ አንሥተውናል።
አንዴ ለአስፋልቱ፣ አንዴ ለመናፈሻ፤
የሦስተኛውን ምክንያት አልሰማንም እስከ መጨረሻ።
ጻፍ፦ ከትልቁ ሾላ፣ ወደ ውሃው ሃያ እርምጃ።
ክረምት ግን አሥር ነው፤ ሐይቁን ጥቀስ ለማስረጃ።»

«ዋና ዋና ተግባራት» የሚል ሣጥን አለ፣ ጠባብ።
«ሼህ ቃሲምን ጻፍ» አለችኝ።
ሼህ ቃሲም ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው።
የጀሚላን ልጅ አጠገቧ የሚቀመጥ ሲጠፋ፣
ያን ሁሉ ወንበር ትተው ልጆቹ ሲጠጋጉ፣
ደብተር ገዝቶ ሄደ፣ ከጎኗ ተቀመጠ፤
ፊደል ቆጠረ፤ ዘንድሮ አብሯት አለፈ።
ይሄን በምን ቃል ላስፍረው?
«የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ብዬ ጻፍኩት።
ቀለለብኝ፤ ሰረዝኩት።
ሌላ ቃል አጣሁ፤ መልሼ ጻፍኩት።

ፀሐይ ከረረች። ጠማኝ።
ጣሳዋን አቀበለችኝ፣ ያለቻት አንዲት ጣሳ።
እጄ ዘገየ፤
አንድ ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።
አየች። አላየችም እንዳልል፣ አየች።
በእናቴ ጓሮ፣ ከአጥሩ ማዕዘን፣
አፉ የተሸረፈ ቅል ነበር፣ ለብቻው የሚሰቀል፤
ወፍጮ ጠርበው፣ ተሸክመው ሲያመጡልን
እነሱ የሚጠጡበት።
በወፍጯቸው ፈጭተን፣ ዱቄቱን በልተን አደግን፤
ቅላቸውን ግን በእንጨት ነበር የምናነሣው።
ጠጣሁ። ውሃው ለብ ያለ፣ ደንገል ደንገል የሚል።
ከቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

«ዘላቂነት» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
«ምንድን ነው እሱ?»
«ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል ወይ፣ ማለታቸው ነው።»
ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር አንድ ዳክዬ በረረ።
«ታንኳ ስንት ጊዜ ይኖራል?»
«እንጃ፤ ዓመት?»
«ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።
እኛስ ከዚህ ሐይቅ ላይ ስንት ዘመን ኖረናል?»
እንደ ወረደ ጻፍኩት፣ በሷው ቃል፣ ሳላሳምር።
ወደ ዳር ወደ ዳሩ፣ እምቦጩ ወዳለበት ዞራ አየችና
«ደንገል እስካለ ድረስ፣ ብለህ ጨምር» አለችኝ።

በአምስተኛው ወር መልስ መጣ፦
«አቅማችሁ ሲጎለብት፣ የኦዲት ሪፖርት ይዛችሁ…»
ሉባባ አላዘነችም፤ ወይም ለእኔ አላሳየችም።
የቅጹን ቅጂ ጀርባ ጀርባውን ለልጆቹ አከፋፈለች፤
ንጹሕ ወረቀት ነው፣ መቼ በከንቱ ይጣላል።

ማክሰኞ ማታ መዋጮ ነው።
ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ እኔን ባየችኝ ዓይን፤
«ስም ከነአባት?»
ነገርኳት።
«የቤት ቁጥር አለህ?»
«አለኝ» አልኩ፤ ድምፄ አነሰ።
«ስንት ታዋጣለህ?»
አርባ ሦስተኛ ሆኜ ተመዘገብኩ።
አሥር ብሬን በጣቷ ዳስሳ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች።
የቅሉን ነገር
እስካሁን አልነገርኳትም።