ሁለት አርባ ሰባት

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት፣
ላፕቶፔ ላይ የቀረችው አሥራ አንድ ፐርሰንት ሕይወት፤
ለወተት ማኅበር የምሠራው የሚዛን ፕሮግራም አላልቅ ብሎ፣
ኮምፓይለሩ ፊቴ ቆሟል፣ አንድ ስም በእጁ አንጠልጥሎ።

«ሚዛን የሚባል ፋይል የለም» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።
ማን ጻፈው፣ ለምን ጠፋ፣ እሱ እቴ! አይጠይቅም።
የሱ ፍለጋ እንደኛ አይደል፤ ሰፈሩን ሁሉ አያስቸግር፣
የተሰጠው ዝርዝር አለ፤ በር ከበር፣ በተራ የሚሻገር።
በጥቅስ ምልክት የታቀፈውን ስም ከገዛ ደጁ ይጀምራል፣
ጠሪው ፋይል ከተኛበት ፎልደር፤ እዚያ ካጣው ይሻገራል።
በማዕዘን ቅንፍ ከመጣ ግን የደጁን ሰው ዞሮም አያይ፣
ቀጥ ብሎ ወደ ሲስተሙ ግቢ፣ ወደ ትልልቆቹ ላይ።
ካገኘ፣ እዚያው ያቆማል።
ሁለተኛ ሚዛን ይኑር አይኑር፣ ለምን ብሎ ይደክማል?

ስልኬ ጮኸ፤ ሽብሩ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ በሞተር፣
ፓወር ባንክ ሞልቶልኝ መጥቷል፣ በጨለማ ቁጥር ሲቆጥር።
«አርባ ሰባት ደርሻለሁ፣ ውረጂ» አለኝ። ወረድኩ በዳበሳ ደረጃ፤
ሮቶው ሥር ሁለት ውሻ። ሽብሩ የለም። ሞተሩ? እንጃ።

ኦቦ ድንሳ፣ ዘበኛችን፣ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና፣
«አርባ ሰባት እኮ ሁለት ነው» አለኝ፣ ጋቢውን አጠበቀና፤
«ከአስፋልት ለመጣ ሰው ያኛው ይቀድማል፣ ይሄኛው ይዘገያል፤
ቁጥሩን የቀባው ልጅ መች መሬቱን ያውቃል? ቀለም ያያል።»

እሱ ግን ያውቃል። የኛ ደረጃ የቆመበት ሽምብራው ነበር፤
ብሎክ በቁጥር አይጠራም፤ «የጥጃ መዋያ»፣ «የአባቴ ድንበር»።
ያን ስም ይዞ የሚመጣ ቢኖር፣ የትኛው ዝርዝር ያደርሰዋል?
መንገዱ የማይጠቅሰው ፎልደር ነው ልቡ፤ ፋይሉ አለ፤ ማን ይከፍተዋል?

ደብተር አለው። የገባ ሰው ስሙ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤
ያው ሰው ዳግም ብቅ ቢል፣ «ተጽፈሃል» ብሎ ያልፋል።
ሄደሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ምልክት አለ፣
«ቀድሞ ገብቼ ከሆነ ዝለለኝ» የሚል። ያ ባይኖር፣
ስም ከስሙ እየተጋጨ ስንቱ ሥራ በተስተጓጎለ!

ሽብሩ ደወለ እንደገና። «ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ለማን?»
«አርባ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ። አንኳኳሁ፤ ተከፈተ፤ ተቀበሉ። ሌላ ምን?»

ስምንት ፐርሰንት። የናርዶስን የዱሮ ፎልደር ከዝርዝሩ ራስ ሰካሁ፤
ሚዛንን አገኘ። ስሕተት አላወጣም። «ተመስገን» ብዬ ቁልፉን ነካሁ።
አሥራ ሰባት ኪሎ ወተት ብሰጠው፣ «አንድ» ብሎ መዘገበ፤
ለቡና ላኪ በፈረሱላ የጻፈችው ሚዛን ነው፣ ቀድሞ የቀረበ።
የኔዋ፣ ትክክለኛዋ፣ ሁለት በር አልፎ ተቀምጣ፣
ስሟ ሲጠራ ሰምታ ኖሯል፤ ግን ማን እሷ ዘንድ መጣ?

ዋሸ ልበለው? አልዋሸም። ትክክል የሚባል አያውቅም፤
ተራ ነው የሚያውቀው፤ ከተከፈተለት በር አያልፍም።

ዝርዝሩን አስተካከልሁ። ሦስት ፐርሰንት። ማዶ፣ በዚያኛው አርባ ሰባት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ በራ፤ የኔ ፓወር ባንክ፣ የሰው መብራት።

ግጥሙንም እንዲሁ ጻፍኩት፤ ቀድሞ የመጣውን ቤት መትቼ፣
ሁለት በር አልፎ የሚኖረውን ደህና ቃል ሳላንኳኳ ትቼ።

አንዲት መሥመር ብቻ ቀረች፣ ከኦቦ ድንሳ አፍ የሰማኋት፤
ከደጄ ጀምሬ ዞርኩ፣ እስከ ትልልቆቹ ግቢ ጠየቅሁላት፤
«የወይራው ሥር» ትላለች።
ቤት የላትም።