የዘንድሮው ቀለም

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣
አንድ ወረቀት አየን፣ በዝናብ በስብሶ፤
በሩ ላይ ተለጥፎ እንዲህ ይላል ጽሑፉ፦
«ቀለም ተለውጧል። አረንጓዴ አሰፉ።
ሰማያዊ ለብሶ የመጣ ተማሪ
በር ላይ ይቀራል። — የደንብ አስከባሪ።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣
ከዳቦ ቤቱ ሥር፣ ከጫማ ጠጋኙ ጋር።
«ሙሄ መቀሱ» ነው ስሜ በሰፈሩ፤
የልጆቹ ቁመት እኔ ጋ ነው ምስጢሩ።
እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ በጳጉሜ፣
ሜትሬን አንገቴ ላይ፣ ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣
«እጥፉን ተውልኝ፤ ይጠቅማል ለከርሞም፤
ልጅ እንጂ የሚያድገው፣ ደሞዝ እኮ አያድግም።»

አራት ጣት እተዋለሁ። ከዚያ በየዓመቱ
እፈታዋለሁ እኔ፣ ይወርዳል እጥፋቱ፤
ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ብቅ ይላል ከሥሩ፣
እንደ ግንድ ቀለበት ይታያል መስመሩ።
አንድ መስመር፣ አንደኛ። ሁለት መስመር፣ ሁለት።
የረምላ ጉርድ ላይ አራት ነበረበት።

እናቷ ጦይባ ሦስት ዩኒፎርም ይዛ
አንድ ማታ መጣች ከሮቢት ተጉዛ።
ጨርቁን ጠየቀችኝ፤ በሜትር ነገርኳት፤
(የነጋዴው ዋጋ ነው፤ እኔስ ምን ላድርጋት?)
ዝም አለች። በጣቷ ቆጠረች። ደገመች።
አውራ ጣቷ ላይ ስትደርስ ሂሳቡን አቆመች።
«ሙሄ፣ ከቀለም ጋር እኔ ጠብ የለኝም፤
ሰማያዊስ ምን በደለ?»
                              መልስ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሸርፍ ተራ ሄጄ
ቀለም ገዛሁ፤ በርሜል ጣድኩኝ ከደጄ።
ውሃው ፈላ። ጨው ጨመርኩ። ልብሶቹን ነከርኩኝ፤
ሱሪው ሲንሳፈፍብኝ በእንጨት ደፈቅኩኝ።
ጦይባ ታማስላለች፤ ረምላ ትስቃለች፤
«እማ፣ ጉርዴ እኮ ጎመን ሆነ!» ትላታለች።

ሲደርቅ ግን ገባን። ሰማያዊ ልቡ ግትር፣
«አልለቅም» ብሎ ቀርቷል ከክሩ ሥር።
አረንጓዴም አይደል፣ ሰማያዊም አይደል፤
ሲመሽ ከሩቅ የሚታይ የጦሳ ገደል።
አራቱም መስመሮች፣ ቀለም አብዝተው ጠጥተው፣
ከበፊቱ ብሰው ታዩኝ ጎልተው ወጥተው።

ትምህርት ተጀመረ። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩኝ፤
ካጥሩ ባሻገር እንደ ሌባ ቆምኩኝ።
አበጋዝ ዘበኛው፣ ዱላ ተደግፎ፣
ሰማያዊዎቹን ካጥሩ ሥር አሰልፎ።

ከዚያ ጭጋግ ወረደ። ደሴን ላልኖረባት
እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ፀሐይ እንኳ ወጥታ መንገድ ሲጠፋባት?
በፊት ጦሳ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሚናሬቱ፣
ቀጥሎ ባጃጁ፣ መብራት ብቻ ቀርቶ ከፊቱ።
አበጋዝ ዓይኑን አሸ። ሦስቱ ልጆች ደረሱ።
«ምንድን ነው ቀለሙ?» ጎንበስ አለ እሱ።
«የዘንድሮ ነው፣ ጋሼ» አለችው ረምላ።
ወደ እጥፋቷ አየ፣ ተደግፎ በዱላ፤
አራቱን መስመር አየ፤ ቆጠረ፤ ሳቀና፣
«ግቡ፣ ግቡ፤ ጭጋግ ነው፤ ዓይኔም ደክሟልና።»

ካጥሩ ሥር የነበሩት አሥራ አንድ ሰማያዊዎች
አንድ በአንድ ሟሙ፣ እንደ ጨው ድንጋዮች።
እኔ ቆጠርኳቸው፤ አበጋዝ አልቆጠረም፤
ወይም ቆጥሮ ይሆናል፤ እስካሁን አልተናገረም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደንብ አስከባሪው መጣ።
አበቃልኝ አልኩኝ፤ ሊያመጣ ነው ጣጣ።
ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ፌስታል አወጣልኝ፣ ከኮቱ ሥር ሸሽጎ፦
ሁለት የልጅ ሱሪ፤ ጉልበቱ የተቀደደ።
«ሙሄ» አለኝ፣ «ያ በርሜል…
                              ዛሬስ አልተጣደ?»