ሽንፋ ዳር፣ ቅዳሜና እሁድ

ክረምቱን ደኑ ዝግ ነው፤ የአገር ደንብ ነው፣
እርጉዝ እስክትገላገል ማንም የማይነካው።
ጥቅምት በገባ፣ ቅዳሜና እሁድ
ይከፈታል፣ ቀስት ብቻ ይዞ ለሚሄድ።
ጥይት ከዚያ ወዲያ። ቀድሞ የተኮሰ
ከማኅበር ይወጣል፣ ስሙ እየረከሰ።

አርብ ማታ ሽንፋ፣ ከኩራዝ ሥር ሆኜ
ጅማቱን ሰም ስቀባ፣ በልቤ ጀግኜ፣
(የፍላጻው ጫፍ ከጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ)
ስመኝ አየችና ጥጧን እየዳመጠች፣
«ሲሻልህ ደጋኑን ለኔ ብትሰጥ» አለች።
«እኔ እነድፍበታለሁ፤ አንተ ምን ታረጋለህ?
አምናም በዚህ ሰሞን ዋንዛ ወግተህ ገባህ።»

እውነቷን ነው። አምና ዋንዛው ነው የቆሰለ፣
እስካሁን ፍላጻዬ ግንዱ ላይ አለ።
ዘንድሮ ግን፣ አልኩኝ፣ ዘንድሮ ሌላ ነው፤
ፉከራውም አልቋል፣ የቀረው ግዳዩ ነው።

ቅዳሜ፣ ዶሮ ሲጮህ። አያ ቢያድጎ ፊት፣
እኔ መሀል፣ ማማይ ኋላ፣ ጤዛው እስከ ጉልበት።
አያ ቢያድጎ አመድ በጣቱ ቆንጥሮ
ለነፋስ ሰጠና አየው ዞሮ ዞሮ፦
«ከሱዳን በኩል ነው። ወንዙን ይዘን እንሂድ፤
ሽታችን ከቀደመን ምን ሊቀር ነው ከመንገድ።»
ማማይ አስነጠሰ፤ ቆቆች ብርር አሉ፤
ሁለት ድኩሎችም ማዶ ኮበለሉ።
አያ ቢያድጎ ዞሮ አየው፣ ቃል ሳይወጣው፤
ዱላ በስንት ጣዕሙ! ማማይን ላብ አጠመቀው።

ፀሐይ ከረረች። ዝንብ ዐይኔ ላይ ሰፈረ።
እግሬ ደነዘዘ፣ ሆዴም አጉረመረመ።
ቆሎ በኪሴ አለ፤ ቢቆረጠም ይጮሃል፤
አንድ አንዱን ስመጠው ሰዓቱ ይነጉዳል።

ከዚያ፣ ከየት መጣ? ቀንዱ ብቻ ታየኝ፣
ቀጥሎ ጆሮው፣ ቀጥሎ ዐይኑ፤ ያየኝ መሰለኝ።
ወንድ ድኩላ ነው፣ ጎኑ ነጭ ጠብ ጠብ፣
ውኃው አፍ ላይ ቆሟል፣ ይጠጣ አይጠጣ ሲያስብ።
ደጋኑን ሳብኩት። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤
የክረምት ልምምዴ በቅጽበት ቀለጠ።
ለቀቅሁት።
ድምፁን ሰማሁ፣ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ሲመታ፤
ዘለለና ሄደ፣ ሣሩን እንደ መጋረጃ ፈታ።

«ዘራፍ!» ልል ስነሣ አያ ቢያድጎ ያዘኝ፦
«ቆይ። ያልወደቀ አይፎከርበትም።
ተቀመጥ። ከተከተልነው ይሮጣል፣ አይተኛም።»

የዛፉ ጥላ አንድ ክንድ እስኪረዝም ቆየን፤
ከዚያ ከቅጠል ላይ ጠብታ ደም አየን።
አንዱ እንደ ምስር፣ ሌላው እንደ ሣንቲም፤
ከሣንቲሙ ወዲያ፣ ለረጅም፣ ምንም።
እንደገና አንዲት። እንደገና ጠፋ።
ፀሐይዋ ወረደች በስተ ሽንፋ።
እየሮጥኩ በልቤ የምለው አንድ ነው፦
ነፍሱ ሳትወጣ ልድረስ፣ በስመ አብ ልበለው።
ቢላው እጄ ላይ ነው፤ ሳይባረክ ከሞተ
ግዳይ አይደለም ያ፤ ጥንብ ነው የሸተተ።

ጨለመ። ከዛፍ ላይ ጨርቅ አሰርን፣ ለምልክት።
ጅብ ጮኸ።
አንድ ጊዜ።
ከዚያ ብዙ፣ እስከ እኩለ ሌሊት።

ስመኝ ቅዳሴ ናት፣ እኔ እሾህ ውስጥ ነኝ፤
ሰንበትን መሻሬ እንደ ጉንዳን በላኝ።
ከጨርቁ ዛፍ አልፈን፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል፣
ሃምሳ ብቻ! እዚያው ነበር፣ ከቁጥቋጦው መሀል።
ቀንዱና አንድ እግሩ፣ የጎድኑ ግማሽ፤
የፍላጻዬ ስባሪ፣ ላባው ደም ለባሽ።

አያ ቢያድጎ ተንበረከከ፣ ሣሩን ዳበሰ፤
«ብዙ አልተሠቃየም» አለኝ፣ ድምፁን እየቀነሰ።
ውሸቱን እንደሆነ ሦስታችንም አወቅን።
«አንዲት ጣት ወደ ፊት» አለ ቀጥሎ፣ «አንዲት ጣት ብቻ።»
አሁንም አያታለሁ ያቺን ጣት፣ ሌሊት፣ ለብቻ።

ማማይ ግን በመልስ፣ ሊሸና ዞር ብሎ፣
ሚዳቋ ጣለ፤ ባረከ፤ መጣ አንጠልጥሎ።
እንዲህ ናት አደን!
ሚዳቋ ናት እንጂ አንበሳ አይደለች፤
እናቱ ግን ቅቤ አናቱን ቀባች።
ፉከራ አያውቅም፤ ዞሮ አየኝ፣ ጨነቀው።
ጆሮው ሥር ሆኜ የኔን ሰጠሁት፣ ስንኝ በስንኝ፤
«ዘራፍ የሽንፋ ዳር!» ሲል ስመኝ ሰርቃ አየችኝ።
አርብ ማታ ከጓዳ ሰምታዋለች ያንን ቃል፤
አልሳቀችም።

ማታ ደጋኑን ተቀብላ ከግድግዳ ሰቀለች፤
«ዋንዛው እንኳ ተርፏል ዘንድሮ» ብቻ አለች።