ሚራ ያዥ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ ጭቃው ጉልበት ውጦ፣
ክረምቱ ያን ሁሉ መስክ ወደ ባሕር ለውጦ፣
ሚራ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቀያሿ ትርሲት
አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎንብሳለች ከመሣሪያዋ ፊት።
"ግራ! ትንሽ ግራ! ቀጥ!" ትላለች በእጇ፤
ምሳ ላይ ግን ሌላ ነው ወጓ፤
ዳቦ ቆርሳ ሰጥታኝ አንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን ታነሣለች፣
"እሱም እንደኛ ቀያሽ ነበር፣ ያውም በውሃ ላይ" ትላለች።

ፓስፊክን በሰዓትና በኮከብ ሲለካ፣
ደሴት ባየ ቁጥር ስም ሰጠ፤ ለካ
ደሴቱ ስም ነበረው።
አብሮት አንድ ሰው ነበር አሉ፣ የደሴቶቹ ልጅ፣
ያለ ኮምፓስ የሚያውቅ የሞገዱን ደጅ፤
ለካፒቴኑ ደሴቶቹን በቃሉ ቆጠረ፣
አገሩ ሳይመለስ መንገድ ላይ ቀረ።

ይህን ስትነግረኝ ኦቦ ቱፋ መጡ፣ ቦቲያቸው በጭቃ ከብዶ።
"ይህች ቦይ" አሉ በዱላቸው ጠቁመው፣
"ዳማ መንጠቂያ ናት። ፈረሴን ጎርፍ የወሰደብኝ ዓመት
እኔ ነኝ ስም ያወጣሁላት።"
ወዲያ ያለው ጉብታ፣ የአባታቸው በሬ የወደቀበት፤
ከዋርካው በስተግራ፣ ሁለት ወንድማማቾች የታረቁበት፤
ስም በስም፣ እስከ ገላን ድረስ፣ ሳይተነፍሱ ቆጠሩ፣
ጣታቸው ሲያልቅ ከኔ ጣት ተበደሩ።

ትርሲት ፎርሙን ገለጠች፦ ለቦታ የተተወው አራት ሣጥን ነው፣
አራት አኃዝ ብቻ።
"ይቅርታ አባቴ" አለች፤
የምሯን አዝና ነበር፣ ይመስለኛል።

እሳቸው ሲሄዱ ችካሉን ገለበጥኩት፣
ከሾለው ወገን፣ በቀይ ቀለም፣ "ዳማ" ብዬ ጻፍኩት፤
መዶሻ አነሣሁ።
ስሙ ገባ፤ ቁጥሩ ከላይ ቀረ።
ከሩቅ ትርሲት ጮኸች፦
"ሚራው ዘመመብህ!"