ለተከሳሽ የተተወ ቦታ

ፖስተኛው አስፈረመኝ፤ ፖስታውን ሰጥቶኝ በደረጃው ወረደ፣
አልከፈትኩትም፤ ልቤ አስቀድሞ ፈርቶ፣ አስቀድሞ ተዋረደ።
ከዳቦ ሣጥኑ ኋላ አሥራ አንድ ሌሊት አደረ፣
እንዳኮረፈ እንግዳ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ እያየን ኖረ።
የማላውቀው ቁጥር ሲደውል፣ ስልኩን በትራስ አፍናለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጄ ኦሽራት አገኘችው፣
በጥፍሯ ቀደደች፣ ከነካፖርቷ ቆማ አነበበችው።
«እማ፣ ተከሰሻል።» «ማን ነው የከሰሰኝ?»
«የካርዱ ኩባንያ።» ፊቱን አላውቀው፤ የት አግኝቶ አየኝ?

ተከሳሽ፦ ታማር ትርንጎ ፈረደ፤ ኪርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ታማርን ጸሐፊው ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ የጨመረልኝ፣ ሳልጠይቅ።
ፈረደ አባቴ ነው፤ በዋርካ ጥላ ሥር ስንት ጠብ ያበረደ፣
ዛሬ ከስሜ ኋላ ተጎትቶ፣ አብሮኝ ፍርድ ቤት ወረደ።

በዳስ በዓል ዋዜማ ሰዎች ትርንጎ ሲገዙ፣
ጠባሳ ይፈልጋሉ፣ በአጉሊ መነጽር ዓይን እያፈዘዙ።
እኔን ትርንጎን ግን፣ በሱፐርማርኬቱ በር ካርዱን ሲያስይዘኝ፣
ያ ባለ ቀይ ሸሚዝ «ደመወዝሽ ስንት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝ።
ፎጣ መረቀልኝ።

ፍሪጅ ገዛሁበት። ሁለት ጥርስ አስተከልኩ።
ወንድሜ የሞተ ጊዜ፣ ለሦስት መቶ ለቀስተኛ ድንኳን ተከልኩ።
ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። የበላሁት ይኸ ነው፤ አልክድም፣ አምናለሁ።
አሥራ አራት ሺሁ ግን በማን ጉሮሮ ወረደ? እሱን እጠይቃለሁ።
ወለድ ይሉታል፤ እውነትም ወለደ፣ አዋላጅ ሳይጠራ፣
እኔ የትምህርት ቤቱን ወለል ሳጥብ፣ እሱ ዘር ሲያፈራ።

አባቴ ያወራን ነበር፦ ባለዕዳና አበዳሪ በነጠላ ጫፍ ታስረው፣
ዳኛ እስኪያገኙ ድረስ አንድ መንገድ ሄደው፣ አንድ ጥላ አርፈው፣
ቁራኛ ነበሩ። አንዱ ሲርበው ሌላውም ይርበዋል፣
አንዱ ሲያስነጥሰው፣ ጠላቱም ቢሆን «ይማርህ» ይለዋል።
እኔ ከማን ጋር ልቆራኝ? ብደውል ሙዚቃ፣
ለዕብራይስጥ አንድን፣ ለዓረብኛ ሁለትን፣ ለሩስኛ ሦስትን፤ ለእኔ ሲደርስ በቃ።
የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ፤
የማስረው ልብስ የለም።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ሲሉን አድገናል፤
ጠበቃው አቪሻይ ግን «እዚህ ዝም ያለ ሰው ይፈረድበታል» ይላል።
ገንዘብ አይቀበልም፤ የጎረቤቴ የስመኘው ልጅ ነው፤ አማርኛው ቀዳዳ አለው፣
በዕብራይስጥ ጨርቅ የሚጥፈው።
የደመወዝ ወረቀት፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ። የቤት ኪራይ። የስኳር መድኃኒት።
ደራረባትና ድህነቴን በስቴፕለር ጠቅ አደረጋት።

ከዚያ ቅጹ መጣ። ለተከሳሽ የተተወ ቦታ፦ ሰባት መስመር።
አባቴ ቢሆን ኩታውን አደግድጎ፣ በትሩን ነቅንቆ፣ «ተጠየቅ!» ብሎ ነበር የሚጀምር።
ተነሳሁ። «በሕግ አምላክ!» አልኩ። የአቪሻይ እስክሪብቶ ቆመ፣
«ይኼን እንዴት ልጻፈው?» አለ፤ ፈገግ ሊል ሲል፣ ዓይኔን አየና ታረመ።
«ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ጻፈው። ይሁን። የቀረውን ግን እንዳልኩት፦
የበላሁትን በወር ሁለት ሁለት መቶ እከፍላለሁ፤ ያልበላሁትን አስረዱኝ፣ በምን ቆጠራችሁት?

ጸሐፊዋ ማኅተም መታች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።
ቀለሙ አውራ ጣቴን ነካው፤ አልጠረግሁትም፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ፀሐይ መታችኝ።
ቀጠሮው ገና ነው። ነገ የአራተኛ ክፍል ወለል አለብኝ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።
አነሳሁት።