ሦስት እጅ ቀለም

ኅዳር ሲጋመስ ነው፣ በርበሬው ሲለቀም፣
ያባቴን ቮልስዋገን ልቀባ ቀለም
ቡሬ፣ ከግቢያችን፣ ሸራ የዘረጋሁ፤
ካንድ ጥቁር ሰሌዳ ሌላ ያልቀባሁ
አስተማሪ ነኝ።

እንየው ባቲላሜራው ወሬ ሰምቶ መጣ፤
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረው።
"ጊዜ አለሽ?" አለኝ። "አለኝ።"
"ቀለሙ ቀላል ነው፤ ሥራው መፋቁ ነው" ብሎኝ ወጣ።

ፋቅሁት።
በብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ በሳሙና፣
ጥፍሬ እስኪሳሳ፣ ክንዴ እስኪዝል ፋቅሁና
ነጩ ሲነሳልኝ ከሥሩ ቢጫ አለ፤
ከቢጫው ሥር ደግሞ ያ አመዳም አረንጓዴ፦
ቀበሌ ወስዶት፣ ድሬሰሩ አባቴ
ክሊኒክ በእግሩ ሲመላለስ፣
የገዛ መኪናው አቧራ አልብሶት ያልፍ የነበር አንዳንዴ።

ከዚያ በታች ሰማይ።
ጥፍር የምታህል፣ በኮፈኑ ላይ፣
አዲስ ሆኖ ሲገዛ የነበረው መልኩ።
እኔ የማውቀው በፎቶ ነው፣ በጥቁርና ነጭ፤
ዕድሜዬን ሙሉ ግራጫ ነበር ስል ኖርኩ።

ዝገቱን አሸሁ። ፓራፋንጎው ላይ ስቱኮ ለጠፍኩበት፤
ሲደርቅ ዓባይ በረሃን መሰለ፣ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ አቀበት።
ያችን ጥፍር ታህል ሰማይ በወረቀት ይዤ
ቀለም ቤት ቆሜ፣ "ትንሽ ነጭ ጨምር" ብዬ፣
ጣሳ ሙሉ አስበጠበጥኩ።

አንደኛው እጅ፦
ቲነር አበዛሁና ቀለሙ አለቀሰ፤
ከመስኮቱ ሥር እስከ መርገጫው ፈሰሰ።
እንደገና ብርጭቆ ወረቀት።

ሁለተኛው እጅ፦
ባንቻምላክ ካጥር ማዶ በርበሬ ስታስወቅጥ ነፋሱ ዞረ፤
አስነጠስኩ፤ እጄ ሳተ፤ ጣራው ላይ ቀይ ብናኝ ቀረ።
"አይዞሽ፣ ቅመም ነው" አለችኝ፣ ሳቋን ሳትደብቅ።
ወዲያው መብራት ጠፋ። ኮምፕረሰሩ ተንፍሶ ዝም።
ግማሽ በር ሰማይ፣ ግማሽ በር ላሜራ ይዤ
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ መብራት ስጠብቅ።

ሦስተኛው እጅ፦
ሳይነጋ። ነፋስ ሳይነሳ።
መሬቱን ውሃ አርከፍክፌ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣
አባቴ ወባ የያዘውን ሰው ግንባር
በመዳፉ ጀርባ ሲዳስስ እንደነበር፣
ሳልቸኩል፣ ሳልቆም፣ ከዳር እስከ ዳር።
ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑ ላይም ወጣች።

እናቴ ከዘራዋን ይዛ ብቅ አለች። ዝም ብላ አየችው።
"ያኛው ጠቆር ይል ነበር" አለች።
ከዚያ፣ "አልደረቀም!" ሳልል፣
እንደ ድሮው በቀኝ በኩል፣
በሩን ተደግፋ ገብታ ተቀመጠች።

አምስት ጣት፣ ካንድ መዳፍ ጋር።
አራተኛ እጅ።

እንየው ጎንበስ ብሎ አየና "ይፋቃል" አለኝ። "ይቆይ" አልኩት።
ሳምንት ሲሞላው፣ ሌላውን ሁሉ ሰም ስቀባ፣ ያን ዘለልኩት፤
ወርቁን ለጠየቀኝ በሩን አሳየሁት።