ባለ ሁለት ቋጠሮ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የራጃንግ ወንዝ ጭጋግ ለብሶ፣
ፈጣኑ ጀልባ ከላይ አገር ካፒት ወደብ ደርሶ፣
በሽተኛና ዶሮ፣ የቁንዶ በርበሬ ጆንያ ሲያራግፍ፣
እኔ ከሐኪሞቹ ጀርባ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ ሳልፍ፣
ብብቴ ሥር መዝገብ፣ ኪሴ ውስጥ ማስሊያ፤
ሥራዬ ጥርጣሬ፣ የሌላ ሰው ጽሕፈት ማጣሪያ።

ሐኪሙ ያዛል፤ ነርሷ ትሰጣለች፤ እኔ መሐል ቆሜ፤
«መድኃኒት ቤቷ» ይሉኛል፤ ማን ጠርቶኝ በስሜ?
ሊንግ ሲው ሁንግ ይላል ደረቴ ላይ።
«ለዚህ ኩላሊት ይህ መጠን አይበዛም?» እላለሁ በቀስታ፤
አንዱ ቀና ብሎ ይሰርዛል፣ ያንዱ መልሱ ዝምታ።
ያልተዋጠ መርዝ አይመዘን፣ ያልፈሰሰ ደም አይሰፈር፤
የወር ሪፖርቱ ቅጽ ላይ ሳጥን የለው ላልሆነ ነገር።

ማክሰኞ የዋርፋሪን ቀን ነው።
ኢንዳይ ሱላው ገባች፣ የሱላው እናት፣ አንድ ሪንጊቷን ከፍላ፣
የጎማ ወተት የደረቀበት እጅጌዋን ጠቅልላ።
ልቧ ውስጥ የብረት በር አለ፤
ክፍሉ ጸጥ ካለ
ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ ርካሽ ሰዓት ይሰማል።
ደሟ ከረጋ በሩ ይዘጋል፤ ከቀጠነ ይፈሳል።
ባለፈው ወር ልኬቷ አንድ ነጥብ ሦስት፤
ዛሬ ስድስት ነጥብ አንድ። ክንዷ በልዟል።
ዶክተር ፋዝሩል፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጅ፣
«መመሪያ አትከተልም» ብሎ ጻፈ፤ ክፋት ይዞት አይደል፣ ድካም እንጅ።

በተኮላተፈ ኢባንኛዬ ጠየቅሁ፦ የሚዲን ቅጠል በልተሻል?
«ሚዲን የማይበላ ማን አለ? ዝናቡ መጥቷል፤
ግን እንደ ወትሮው ነው።»
ሥር ቀቅለሽ ጠጥተሻል? አልጠጣሁም። ረስተሻል? ተቆጣች፤
ኪኒኗን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች።
ቆጠርን። ድምሩ ልክ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለ፤
ግን ሰማያዊው ሲያንስ፣ ቡናማው በዚያው ልክ በዝቶ አለ።
መቼ ነው የምትውጪው?
«የጎማ ዛፍ ልበጣ ስወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይነጋ፣
በግንባሬ ባትሪ፣ ውሻው እግሬ ሥር ሲያዛጋ።»

ባትሪዋን ተውሼ መጋዘን ገባሁ፤ በሩን ዘግቼ መብራት አጠፋሁ፤
ከጓንት ካርቶኖች መሐል ሁለቱን ኪኒን መዳፌ ላይ አየሁ፦
ሰማያዊው ጭቃ፤
ቡናማው ጭቃ።
አንዱን ሌሊት ሁለት ሚሊ ግራም፣ አንዱን ስድስት፤ የታዘዘው አራት።
አሥራ አንድ ዓመት «ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ» እያልኩ ስሰጥ፣
አንድም ቀን ከጨለማ ውስጥ ሆኜ አላየኋቸው።

ፋዝሩልን ጠርቼ ተስማማን፦ ሁለት ሌሊት እንዳትውጥ፣
ሐሙስ ደሟ እንደገና እንዲለካ።
መላ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤
«የሸመገለው ዓይኔ ነው» አለችኝ፣ «ጣቴ ገና ይሸምናል።»
ከሻሿ ጫፍ ክር ተረተረች፣ ሁለት ከረጢት አሰረች፤
ለቡናማው አንድ፣ ለሰማያዊው ሁለት ቋጠሮ ቋጠረች፤
ዓይኗን ጨፍና፣ በአውራ ጣቷ ዳስሳ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ነገረችኝ።
አሥር ጊዜ ፈተንኳት። ዘጠነኛው ላይ እኔው ተምታታብኝ።

በወሩ፣ ሁለት ነጥብ አምስት።
ፋዝሩል «በመጨረሻ ታዘዘች» አለ።
ክርክር አልጀመርኩም፤ ባትሪ ሰጥቼ
ወደ መጋዘኑ መራሁት።
ሲወጣ ምንም አላለም፤ እስክሪብቶውን ፈለገ።

ስጦታ መቀበል ክልክል ነው፤ ማስታወቂያው በሩ ላይ አለ።
እሷ ማንበብ አትችልም፤ አንድ እስር ሚዲን ወንበሩ ላይ ጥላ
ወደ ጀልባዋ ሮጠች፣ ያ ልብ ቀጭ ቀጭ እያለ።
ማታ የወሩን ቅጽ ሞላሁ፦ የታዩ ሕመምተኞች፣ ያለቁ መድኃኒቶች፤
ሳጥን ፈልጌ አጣሁ። በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ ሁለት ቋጠሮ ሣልኩ፤
ከዚያ የአልጋ ሰባትን ኩላሊት ላሰላ ተነሣሁ።